የአሥራ ሰባት ቁጥር መንጋጋ

ሰውን በፊቱ ሳይሆን በጥርሱ ነው የማውቀው። የምሠራው ከጥርስ ሕክምናው ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ላይ ቤት የታካሚውን የአፍ ልክ ለስላሳ ሊጥ በመሰለ ነገር ይወስዱና ልኩ በትሪ ሆኖ ወደ እኔ ይወርዳል። እኔ ጀሶ በውሃ በጥብጬ አፈስበታለሁ። ጠብቄ ስፈለቅቀው አንድ ሰው ከነመንጋጋው እጄ ላይ ይቀራል። ሬዲዮ አልከፍትም፣ ከማንም ጋር አላወራም። ጥርሶቹን እያየሁ ለባለቤቶቻቸው ኑሮ እፈጥርላቸዋለሁ። ይቺ በጥርሷ ክር የምትበጥስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይሄ ቀን የዋጠውን ንዴት ተኝቶ የሚያኝክ ሰው ነው፤ እላለሁ ለራሴ። ታላቅ ወንድሜ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ዱቄት ለብሼ ስለምገባ «ጀሶ» ነው የሚለኝ። እሱ በያጅ ነው፤ ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል።

በዚያ ዓመት የሐኪሞቹ አለቃ፣ ፕሮፌሰሯ፣ ጥናት ጀምረው ነበር። ጥርሳቸው የወለቀ አርባ ሰዎች ተመረጡ። ለግማሾቹ መንጋጋቸው ተሰርስሮ የብረት ሥር ይተከልላቸዋል፣ ለግማሾቹ የሴራሚክ። ድዳቸው የሳሳ እንደሆነ ከላንቃቸው ሥጋ ተቆርጦ ይሰፋበታል። ከዚያ በየወሩ ድዱ ስንት ሚሊሜትር እንደሸሸ በቀጭን ዘንግ ይለካል። ለማን የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው የታሸገ ፖስታ ነው። ወደ እኔ ስም አይወርድም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

«ስሙን ካወቅህ እጅህ ያዳላል» ይሉኛል ፕሮፌሰሯ። «አንተ ጥርሱን ሥራ፤ ሰውየው የኔ ነው።»

አሥራ ሰባት ቁጥር አንድ ሰኞ ጠዋት ወረደ። የላይና የታች መንጋጋውን አፍስሼ፣ ጠርዙን ሞርጄ፣ የላይኛውን፣ ጥርሱን ወደ ሰማይ አድርጌ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ከፊት ጥርሶቹ አንዷ የለችም። ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለው ክራንቻ ደግሞ ወደ ጎን ዞሯል፣ ጠላቱን በጎን እንደሚያይ ሰው።



የቀኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ከክርኔ በታች፣ ሥጋው በሚወፍርበት ቦታ ሁለት ቅስት የሚመስል ጠባሳ አለኝ። የላይኛው ቅስት ላይ አንዲት ጥርስ ትጎድላለች። ከጉድለቱ ቀጥሎ ጠባሳው ጠልቆ በጎኑ ተሰንጥቋል። ባዶው ቦታ ጠባሳዬ ላይ በግራ ነው፣ መዳፌ ላይ ያለው ጀሶም በግራ። ክራንቻውም እዚያው፣ ጥልቁ ስንጥቅም እዚያው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጬ ቁጭ አልኩ። ጀሶውን ክንዴ ላይ ጫን አድርጎ መሞከር ይቻል ነበር። አልሞከርኩም። እነዚያ ጥርሶች በጀሶም ቢሆን ዳግመኛ ቆዳዬን እንዲነኩ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት አባታችን የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ነበር። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያደረበት ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል ደረቅ ካፖርት ልወስድለት ሄድኩ። በሩ ተገንጥሏል። ዓይኑንና አፉን ብቻ የሚያሳይ የሹራብ ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ አባባ ደረት ላይ ተቀምጦ አንገቱን አንቋል። ካፖርቱን ጥዬ ከኋላው ዘለልኩበት፤ የቀኝ ክንዴን በአፉ በኩል አዙሬ ጎተትኩት። ነከሰኝ። እንደ ውሻ ነክሶ አልተወኝም፣ እንደ ወጥመድ ገጠመብኝ እንጂ፤ ጥርሱ አጥንቴን ሲነካ ተሰማኝ። ለቀቅኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ለቀቅኩት። እሱ ተነሥቶ ከክምሩ ላይ አጠና መዘዘና አባባ ሊነሣ በክርኑ ተደግፎ ሳለ አንዴ ብቻ፣ አናቱን መታው። ደረቅ ጣውላ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አጥሩን ዘለለ።

ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ፊቱን ያየ የለም። ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ የተናገረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦

«ክንድህ ተቆርጦ ቢቀር እንኳ ባትለቀው ምን ነበረበት?»

ቃሉ ብየዳ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይላቀቅም።

ሥሩ ብረትም ይሁን ሴራሚክ፣ ከላይ የሚታየው ጥርስ ለሁሉም ሴራሚክ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲመሳሰል ቀለሙን በቀን ብርሃን፣ በመስኮት ዳር፣ የሚሠራው ሰው ራሱ ማየት አለበት። ያን ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ቤት እጠራለሁ። አሥራ ሰባት ቁጥር ሥሩ ከተተከለለትና ድዱ ከተሰፋለት ስድስት ወር ሲሞላው ተጠራሁ። እስከዚያ ቁጥር እንጂ ሰው ስላልነበረኝ ለማንም አልነገርኩም።

ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጉንጩ ሰፊ፣ ደረቱ በርሜል የመሰለ ሰውዬ ነው። ወንበሩ ላይ እንደ ሙሽራ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

«ሠዓሊው መጣህ?» አለኝ። «ስማኝ ጎበዝ፤ አደራህን በጣም እንዳታነጣት። ሚስቴ ‹ለማን ልትስቅባት ነው?› ብላ ታስወልቀኛለች።»

ነርሷ ሳቀች። እኔ የቀለም ናሙናዎቹን ከንፈሩ ሥር እያስጠጋሁ አፉን አየሁ። ትንፋሹ እጄን አሞቀው። እዚህ አፍ ውስጥ ነው የኔ ሥጋ የነበረው ብዬ አሰብኩ።

«ምን አግኝቶት ነው የወለቀው?» አልኩት።

«መለከቴ ነው ያወለቀኝ! የማርሽ ባንድ ውስጥ መለከት ነፊ ነኝ። አምና በሰልፍ ላይ የፊተኛው ሰውዬ ድንገት ቆመ፣ እኔ እየነፋሁ ነበርኩ፣ መለከቱ ጀርባውን መትቶ ተመልሶ በአፌ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ድምፅ እንኳ አላወጣሁም። ጥርስ ከሌለ ከንፈር ምን ይደገፋል? አሁን ልምምድ ቤት እየሄድኩ የሌሎቹን የኖታ ወረቀት ነው የምገልጠው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ታዝልቅልኝ ብቻ። ሌላ ሙያ የለኝም» አለኝ።

አምና ነው የወለቀው አለ። ጠባሳዬ ደግሞ የሦስት ዓመት ነው። ይሄን ያን ጊዜ ሰምቻለሁ። ግን ሌባ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል? አልኩና ናሙናዎቹን ሰብስቤ ወረድኩ። ልምምድ ቤቱ የት እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ከመናፈሻው በስተጀርባ ነው።

ሁለቱን ጀሶ በላስቲክ አሥሬ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ወንድሜ ጋራዥ ሄድኩ። የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጀሶውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ክንዴን ያዘ። እሱም ጎን ለጎን አየ፣ እኔ እንዳየሁት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጥርስ ነው ሥራዬ፣ ጋሼ።»

«ለፖሊስ ብንነግርስ?» ብዬ ጨመርኩ።

«ፖሊስ ጀሶ ያሥራል? የአባባ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ሦስት ዓመት ተቀምጧል።» ጀሶውን መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። «ይሄ እኔ ዘንድ ይቆይ። አንተ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታደርግልኝ። ትይዝልኛለህ። ዘንድሮ ግን አትለቀውም።»

«አልለቀውም» አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ዝናብ እያካፋ ነበር። ባንዱ ልምምድ ጨርሶ በዋናው በር ወጣ። መለከት ነፊው የኖታ ማስቀመጫዎቹን ወደ ጓሮው መጋዘን ሲያግዝ ዘግይቶ ለብቻው ወጣ፤ አራት የብረት ማስቀመጫ አቅፎ እያፏጨ ነበር። ከኋላው ሄድኩና የቀኝ ክንዴን በአፉ በኩል አዙሬ ጎተትኩት። ማስቀመጫዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኩ። ወንድሜ ከግድግዳው ጥግ ብቅ ብሎ መጀመሪያ ሆዱን በቡጢ አገኘው።

«የጣውላው መጋዘን ትዝ ይልሃል?» አለው።

ሰውየው መልስ የሚሰጥበት አፍ አልነበረውም፤ ክንዴ ነበር ያለው። ታነቀ፣ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ነከሰኝ። መለከት ነፊ ነው፤ የጉንጩ ጉልበት አይጣል ነው። ጥርሱ በአሮጌው ጠባሳ አናት ላይ ገባ፣ ደሜ በክርኔ ወረደ፤ ጮኽኩ እንጂ አልለቀቅኩም። እንዲያውም አጠበቅኩ። ወንድሜ ጎኑን መታው፣ ጎኑን መታው፣ ከዚያ በእጁ ያለውን ዱላ መሰል ብረት አነሣ።

«ክንድህን አንሣ» አለኝ።

አነሣሁ። ፀጉሩን ይዤ ፊቱን አቀናሁለት። ይሄን ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ ያቀናሁለት። ብረቱ ከጉንጩ በታች ሲያርፍ ያ ድምፅ፣ የደረቅ ጣውላው ድምፅ፣ እንደገና ተሰማ። ሁለተኛው ምት አፉ ላይ ነው ያረፈው። ሰውየው እጄ ላይ ከበደ፤ እየጎተተኝ ወደቀ። አፉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተደባልቆ ነበር፤ ደም፣ ከንፈር፣ እኛ በየወሩ በሚሊሜትር ስንለካው የነበረው ድድ። የተተከለው ሥር ከነአጥንቱ ተነቅሎ ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ነጭ ነበር። ሴራሚክ ደርሶት ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ሰዓት ለምን እንደሚታሰብ አላውቅም።

ወንድሜ ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ከጓሮው መጋዘን ውስጥ ሰው ተጣራ። ሮጥን።

ጋራዡ ኋላ ባለች ቧንቧ ክንዴን ታጠብኩ። ወንድሜ ጎኔ ቆሞ ያለከልካል፤ ፊቱ ላይ ከአባባ ቀብር ወዲህ ያላየሁት እርጋታ ነበር። «አንጀቴ ራሰ» አለ። «አባባ ዛሬ ይተኛል። አንተም ወንድ ሆንክ፣ ጀሶ።»

ውሃው ደሙን ሲያጥበው ሁለቱ ንክሻዎች ታዩ። አሮጌው ከታች፣ አዲሱ ከላይ፣ ሁለቱም በአንድ ክንድ፣ በአንድ አያያዝ የተነከሱ። አሮጌው ላይ ባዶው ቦታ በግራ ነው። አዲሱ ላይ በቀኝ።

ቧንቧውን ዘጋሁ። ከፈትኩና እንደገና አጠብኩ።

ማኅተም የቀረጸ ሰው ያውቀዋል፤ ማኅተሙ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ካልተቀረጸ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ጥርስም ማኅተም ነው፣ ቆዳም ወረቀት ነው። ጥርሱ ላይ ግራ የሆነው ጠባሳው ላይ ቀኝ ነው የሚወጣው። አምስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይሄው ነበር፤ ልክ ውስጥ የተገለበጠውን ሰው ጀሶ አፍስሼ ማቅናት። ግን የሚያቀናልኝ ጀሶው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ዓይኔ አስቦት አያውቅም። ያን ሰኞ ጎን ለጎን ይዤ ሲመሳሰሉብኝ፣ መመሳሰላቸው ራሱ ነበር ሰውየው አለመሆኑን የሚናገረው።

«ጋሼ።» ክንዴን ዘረጋሁለት። «ሰውየው አይደለም።»

«ምን?»

«ጉድለቱን እይ። ያኛው በዚህ፣ ይሄኛው በዚያ። የነከሰኝ ሌላ ሰው ነው። አምና ነው የወለቀው ብሎኝ ነበር፤ ነግሮኝ ነበር ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ አየ። እንደገባው ከዓይኑ አወቅኩ። ከዚያ የገባውን አውጥቶ ሲጥለውም አየሁ።

«ደም አይተህ ነው የዞረብህ» አለኝ። «ሂድ ቤት ተኛ። ሁለተኛ ይሄን ነገር እንዳታነሣብኝ።»

ሲነጋ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሥራ ገባሁ። ገና ካፖርቴን ሳልሰቅል ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ደረጃውን ወረዱ። ፀጉራቸው አልተበጠረም።

«የአሥራ ሰባትን አምሳያ አምጣ፤ የላዩንም የታቹንም።»

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ። አልኩ፤ አፍሬ አልሞትኩም።

«ሰዎች ቀጥቅጠውታል። የታችኛው መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የላዩም ተተርትሯል። አጥንቱን ገጥሜ በሽቦ ማሰር አለብኝ፤ ጥርሱ ቀድሞ እንዴት ይገጥም እንደነበር የሚያሳየኝ ያ ጀሶ ብቻ ነው። በግምት ካሠርኩት ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ መብላቱን ይበላል፣ መለከት ግን አይነፋም። እኩለ ቀን ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ይገባል።»

መደርደሪያው ላይ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ስምንት መካከል የአቧራ ቅርጽ ብቻ ነበር። ዓይናቸው እዚያው ላይ አረፈ።

«የት አለ?»

ልኩ ከተፈሰሰበት በኋላ ይጣላል። የዚያ ሰውዬ ያልተሰበረ አፍ ያለው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የወንድሜ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ። ይዤው ከመጣሁ ከየት አመጣኸው መባሉ አይቀርም።

«አመጣዋለሁ» አልኩ።

ወንድሜ በር እየበየደ ነበር። ብልጭታው እንዲጠፋ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ ጀሶውን ስጠኝ። መንጋጋውን የሚያሥሩት በሱ ነው።»

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «በምን?»

«በጀሶው። ያለሱ ተጣሞ ይቀራል። ሰውየው ምንም አላደረገንም።»

«አንተ ሙልጭ ያልክ ጅል!» አለ ዝግ ብሎ። «ያንን ይዘህ ስትሄድ ‹የት ነበር?› ሲሉህ ምን ልትል ነው? እናታችንን ማን ሊጦር ነው፣ ሁለታችንም ስንገባ?» ሳጥኑን ከፈተ፣ መሐረቡን አወጣ፣ የብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መዶሻ አነሣ። «እኔ ልገላግልህ።»

እጄን መሐረቡ ላይ ጣልኩ። መዶሻው አየር ላይ ቆመ።

«አንሣ!»

«አላነሣም።»

«ጀሶ፣ ጣትህን ነው የማደቅቀው፤ ምዬ ነው የምነግርህ!»

«አድቅቀው። ለመለከት ነፊ አፉ እንደሆነ ለኔም ጣቴ ነው።»

መዶሻውን ወረወረው፣ ግን ሌላውን እጁን ሰደደ። ሲበይድ የሚያደርገው የቆዳ ጓንት በጣቶቹ አንጓ ላይ ብረት የተሰፋበት ነው። የፊት ጥርሶቼ ወደ ውስጥ ሲገቡ ተሰማኝ፤ ድንጋይ ያኘክሁ መሰለኝ። መሐረቡን ሆዴ ሥር አድርጌ መሬት ላይ ተጠቀለልኩ። ጀርባዬን ረገጠኝ፣ ጎኔን ረገጠኝ፣ እያለቀሰ ነው የሚረግጠኝ፣ «ልቀቀው! ልቀቀው!» ይላል። አንዴ የለቀቀ ክንድና አንዴ ያልለቀቀ ክንድ ነበረኝ፤ ሁለቱም ጊዜ ተሳስቼ ነበር። አሁን አልተሳሳትኩም። ደክሞት ሲቆም ተነሥቼ ሄድኩ። አልተከተለኝም።

ወደ ቀዶ ጥገናው መተላለፊያ ስደርስ ፕሮፌሰሯ አረንጓዴውን ልብስ ለብሰው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። መሐረቡን ፈታሁ። የላይኛው ጠርዙ ተሸርፏል፤ ጥርሶቹ ግን ሁሉም አሉ። እሳቸው ጀሶውን አላዩም፣ አፌን አዩ። ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን ጨርቅ፣ ደም ያረጠበውን ቅርጽ አዩ።

«ፍታው» አሉኝ።

ፈታሁት። የላይኛውን መንጋጋ ከእጄ ወሰዱና አዲሱ ንክሻ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። እኔ የፈራሁትን እሳቸው በሁለት ጣት አደረጉት። ገጠመ፤ ክራንቻው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ አሮጌው ጠባሳ አወረዱት። አልገጠመም። አዙረው ሞከሩት። አልገጠመም።

«ይሄኛው የማን ነው?»

«የአባቴ ገዳይ። ሰውየው እሱ መስሎኝ ነው።»

ሊመቱኝ መሰለኝ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ጀሶውን በደረታቸው አቅፈው በሩን በትከሻቸው ገፉ። «ከዚህ አግዳሚ ወንበር እንዳትነሣ» አሉ።

ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ሁለቱ ጥርሶቼ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ እያወጣሁ አያቸዋለሁ። የራሴን ጥርስ ከሥሩ አይቼ አላውቅም ነበር። በአሥር ሰዓት ፕሮፌሰሯ ጭንብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ወጡ። እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ግድግዳ እያዩ፣ «ገጥሟል» አሉ። «መንጋጋው ገጥሟል። መለከቱን ግን እንጃ።» ከኋላቸው ከደረጃው የመጣ ፖሊስ ነበር፤ በእጃቸው እኔን አመለከቱትና ሄዱ።

ፖሊሱ አጠገቤ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ገለጠ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማን እንደያዘው ጠየቀኝ፤ እኔ አልኩ። ማን እንደመታው ጠየቀኝ።

የወንድሜን ስም ተናገርኩ። ከፊት ጥርሶቼ ሁለቱ ስለሌሉ ድምፁ አምልጦ በአየር ወጣ።

«አልሰማሁህም» አለ ፖሊሱ። «ድገመው።»

ደገምኩት።